ከስምንት አንዱን የሚበላው ሚዛን

ባለፈው ሰንበት ከአይከል የመጡ ሰዎች ስለ አላምረው ሲያወሩ ሰማሁ። ደግ ነጋዴ ነበር አሉ። ለጠየቀው የሚሰጥ፣ ሰው የማይበድል፣ በእጁ በረከት ያለው። ደክሞኝ ነበርና አልተከራከርኋቸውም፤ ክርክር ድሮም አልወድም። ቤቴ ስገባ ግን ደብተር አወጣሁ። እሱ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ አክስቴ እንኳየሁም አምና አርፋለች። የሚያፍርብኝ ሰው ስለሌለ እንደ ነበረ እጽፈዋለሁ።

እንኳየሁ የአባቴ እኅት ነበረች። አባቴና እናቴ በአንድ ክረምት ሲሞቱ የወሰደችኝ እሷ ናት፤ የራሷ ልጅ አልነበራትም። አያቴ የደብሩ የድጓ መምህር ስለነበሩ፣ ወደ ቅዳሜ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር ሰፊ ቤት ትተውላታል። አላምረው ሲያገባት ይዞ የመጣው በቅሎና ሚዛን ብቻ ነው። በቅሎዋ ሞተች፤ ሚዛኑ ቀረ። በመንገዱ በኩል ያለውን ክፍል ሱቅ አደረገውና ከኮሶዬና ከዚያም አልፎ ከመካነ ብርሃን ድረስ ከሚወርደው ባላገር ኑግና ተልባ፣ ቆዳና ሰም ይገዛ ጀመር።

ሚዛኑ ጣሊያን ሲወጣ ጥሎት የሄደው ነው። ከታች ጆንያ የሚቀመጥበት ጠፍጣፋ ብረት አለው፤ ከላይ ቁጥር የተቀረጸበት ረጅም ክንድ፤ በክንዱ ላይ ወዲያና ወዲህ የሚንሸራተት የጡጫ ያህል ብረት። ክንዱ ቀጥ ብሎ ሲቆም ያ ብረት ያረፈበት ቁጥር የዕቃው ክብደት ነው። ባላገሩ ቁጥር አያነብም። አላምረው ጮክ ብሎ ይናገራል፤ ባላገሩ ያምናል።

አክስቴ ያን ጊዜ ግዙፍ ሴት ነበረች። ሠርግ ቤት ስትገባ ሰው ሳይጠየቅ ተጠጋግቶ ቦታ ይለቅላታል። መቀነቷ ሦስት ጊዜ ብቻ ነበር የሚዞራት። አላምረው በዚህ ይኮራ ነበር፤ የሱን ቤት ጥጋብ ሰው ሁሉ በሷ ላይ ያየዋልና።

ከዚያ ጨጓራዋ ታመመ። ሁለት ዓመት ያህል እየደበቀች ቆየች፤ በመጨረሻ ደም ማስመለስ ጀመረች። በ1953 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ሆስፒታል ገብታ ኦፕራሲዮን ሆነች። ፈረንጁ ሐኪም ከጨጓራዋ ከሦስት እጅ ሁለቱን ቆርጦ አወጣና ሲሶውን ተወላት።

ኅዳር ላይ ስትወጣ የሐኪሙ ረዳት ድሬሰሩ መዝኖ ስድሳ አራት ኪሎ ብሎ በወረቀት ጻፈ። ስትገባ ሰባ ሁለት ነበረች። ምክሩንም ለኔ ነገረኝ፤ ተማሪ መሆኔን አይቶ ነው። በቀን ስድስት ጊዜ ትብላ፣ ግን በየጊዜው ከእፍኝ አይበልጥ። ማርና ቅባት አይብዛባት። በየሳምንቱ ትመዘን፤ አንድ ዓመት ያህል ክብደቷ ይወጣል ይወርዳል፣ አትደንግጡ። ከስድሳ ከወረደች ግን ሳትውሉ ሳታድሩ አምጧት።

እኔ ያን ጊዜ አራተኛ ክፍል ነበርሁ። አላምረው ትምህርቱ ለጊዜው ይቆይና አክስትሽን አስታሚ አለኝ። እንደቆየ ቀረ። ይህን የምጽፈው በዚያችው የአራት ዓመት ትምህርት ነው።

ከሆስፒታል ስትወጣ መቀነቱ አራት ጊዜ ዞራት። እሷም ጫፉ የደረሰበትን ቦታ በቀይ ክር ሰፋችበት፤ ሥጋዬ የት እንደ ደረሰ በዚህ አውቃለሁ ብላ። በሳምንቱ ቅዳሜ ዕለት ባላገሩ ሱቁን ሞልቶት ሳለ ወጣችና፣ ሚዛን እቤታችን እያለ ሆስፒታል ድረስ ምን አደከመኝ አለች። አላምረው ዛሬ ሥራ በዝቷል፣ ሌላ ቀን ይሁን አላት። ባላገሩ ግን ይሉኝታ አስያዘው። አንዱ ጆንያውን ከሚዛኑ ላይ አወረደላትና፣ «ውጭ እመቤቴ፣ የኛ ኑግ አይሸሽም» አላት።

ወጣች። አላምረው ብረቱን ቀስ አድርጎ ገፋው። ክንዱ ቀጥ አለ።

«ሽታዬ፣ አንብቢው» አለችኝ።

ሃምሳ ስድስት ነበር። ድጋሚ አንብቢ አለችኝ፤ ድጋሚ አነበብሁ። በአንድ ሳምንት ስምንት ኪሎ። ባላገሩ ከንፈሩን መጠጠ። እኔ ግን አንድ ነገር አይቻለሁ፦ የመቀነቷ ጫፍ በቀዩ ክር ላይ ነበር። ወዲህም ወዲያም አላለም። አይቼ ዝም አልሁ። መቀነት ጨርቅ ነው፣ ቁጥር ትምህርት ነው ብዬ ቁጥሩን አመንሁ። ማንበብ ባልችል ኖሮ ዓይኔን አምን ነበር።

ወዲያው ሆስፒታል እንሂድ አልሁ። ከስድሳ በታች ናትና። አላምረው እጄን ይዞ ወደ ጓዳ ወሰደኝ። ብትወስጃት ዳግመኛ ይቀዷታል፣ የቀረውንም ሲሶ ያወጡታል፣ በቢላዋ ሥር ትሞታለች አለኝ። ለሷም ይህንኑ ነገራት። ፈራች፤ አልሄድንም። ለምን እንደከለከለን ያወቅሁት ከዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

ፍርሃት ምን እንደሚያስበላ ያላየ አያውቅም። ቶሎ ሥጋ እንድታወጣ በቅቤና በማር የተለወሰ ገንፎ ጠዋትና ማታ ማጉረስ ያዝሁ። የቀረችው ሲሶ ይህን አትችልም። በልታ ጥቂት ሳትቆይ ላብ ያጠምቃታል፣ ልቧ ይመታል፣ ዓይኗ ይጨልማል። ጎረቤት ቡዳ ነው አለ። የበላችውን ያስመልሳታል፣ ሆዷ ይሄዳል፣ ከዚያ በእውነት መክሳት ጀመረች። ቅዳሜ ቅዳሜ ሚዛኑ ላይ ትወጣለች። ሃምሳ አራት። ሃምሳ አምስት ተኩል። ሃምሳ አንድ። ሲጨምር አብረን እንስቃለን፣ ሲቀንስ አብረን እናለቅሳለን። አላምረው ብረቱን እየገፋ አጠገባችን ይቆማል። አንድ ቃል ቢናገር ኖሮ ያች ሴት እፍኟን እየበላች በሰላም ትድን ነበር። ያን ቃል መናገር ግን የሚዛኑን ምሥጢር መናገር ስለሆነ ዝም አለ። ይህን ነው ከአይከል የመጡት ሰዎች ደግነት ያሉት።

የካቲት ላይ፣ የቅበላ ሳምንት፣ አርባ ዘጠኝ ገባች። አላምረውም ሽማግሌ ጠራ።

ሦስት ነበሩ። የሷ ወገን የኮሶዬው ገበሬ አያ ክንዱ፣ የደብሩ መሪጌታ ወልደኢየሱስ፣ ሦስተኛው አያ ቢያዝን የሚባል የሁለቱም ወዳጅ። አላምረው የሆስፒታሉን ወረቀት አነበበላቸው፤ ከዚያ ሱቅ ወስዶ በፊታቸው መዘናት። እኔ ወራሽ የሌለኝ ሰው ነኝ፣ ይህች ደግሞ ዕለት ዕለት እየተጎደለች ነው፣ ክረምቱን አታልፍም አላቸው። ንግዱ በቤቱ ውስጥ ስለሆነ ቤቱ ለኔ ይቅር፣ ላምና እህል ልስጣትና ከወገኖቿ ጋር ትረፍ አለ። ወለላ የምትባል የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ አስቀድሞ ማጨቱን ማንም አላነሳም። ሁሉም ግን ያውቅ ነበር።

እንኳየሁ ተደግፋ ተቀምጣ ሁሉንም ሰማችና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። «ብድንስ?»

አላምረው ሳቀ። «ዓመቱ ዞሮ ቅበላ ሲመጣ በዚህ ሚዛን ላይ ስድሳ ከሞላሽ ቤቱ ያንቺ ነው፤ እኔ እንደ አመጣጤ በበቅሎ እወጣለሁ። እስከዚያው ግን ወገኖችሽ ቤት ሂደሽ ብታርፊ ይሻላል።»

መሪጌታ ይህን በብራና ላይ እንደሚጻፍ ነገር በክብር ጻፉት። እኛም ኮሶዬ ወጣን።

በእናቷ በኩል ወንድሟ የሆነው አድማሴ ጓሮው ካለችው ጎጆ አስገባን። ብርዱ አጥንት ይበላል። ሚዛን ግን አልነበረም፤ ያ ነው ያዳናት። ቁጥር የሚያስፈራራት ስላልነበረ የድሬሰሩን ምክር አስታወስሁ። የገብስ አጥሚት በስኒ፣ ግማሽ እንቁላል፣ ለብ ያለ ወተት፣ እንደገና አጥሚት። በቀን ስድስት ጊዜ እሳት አነድዳለሁ። ጾም ሲገባ የንስሐ አባቷ ጾሙን ፈቱላት፤ እሷ ግን አፍራ በሩን ዘግታ ነበር የምትቀምሰው። የአድማሴ ሚስት ለተ ማርያም እንደሆነች አላስቀመጠቻትም። ውኃ ስትቀዳ ለጎረቤት፣ «ሟች ብዙ አይቻለሁ፤ በቀን ስድስት ጊዜ የምትበላ ሟች ግን የኛን ቤት አየሁ» ትላለች። እንኳየሁ እየሰማች ስኒዋን ትጨርሳለች። ቂሟን የምታስቀምጠው ለአንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ለሌላ አታባክነውም።

ቅዳሜ ሲመጣ መቀነቷን ታጥቃ ጫፉ የደረሰበትን በቀይ ክር ትሰፋለች። ክሮቹ አንዱ ወደፊት፣ አንዱ ወደኋላ ይረግጣሉ። ጉንፋን ከያዛት ይመለሳል፤ ወተት ሲበዛ ይራመዳል። ኀዘን ላይ ከዋለች ይመለሳል። እኔ ስጨነቅ፣ ዝም ብለሽ እሳትሽን አንድጂ ትለኛለች። ማታ ማታ ስለ ቤቷ አታወራም። ስለ አላምረው ግን ታወራለች፦ በየትኛው በር እንደሚወጣ፣ በቅሎውን ማን እንደሚጭንለት፣ የሰፈሩ ሰው የት የት ቆሞ እንደሚያየው።

በታኅሣሥ ወር ሆስፒታል ወረድን። ድሬሰሩ አወቃት። ስድሳ ኪሎ ነበረች። ልክ ስድሳ። ምነው ይህን ያህል ጊዜ ጠፋችሁ ብሎ ተቆጣንና አዲስ ወረቀት ጻፈልን። ከዚያ ቀጥ ብላ ወደ ቤቷ ሄደች። እስከ ቅበላ መጠበቅ አልቻለችም። ሱቅ ገብታ፣ ባላገሩን አልፋ፣ ማንንም ሳታስፈቅድ ሚዛኑ ላይ ወጣች። አላምረው ተገርሞ ብረቱን ገፋ።

ሃምሳ ሁለት ተኩል።

ወለላ ከጓዳ ብቅ ብላ ሳቀች። አላምረው አልሳቀም፤ እንዲያውም ደግ መሰለ። ገና ሁለት ወር አለሽ፣ አይዞሽ አላት። እንኳየሁ መቀነቷን በጣቷ ዳሰሰች። ከዚያ ወርዳ ወጣች።

ኮሶዬ መንገድ ላይ፣ ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ከሆስፒታል እስከ ቤታችን ምን ያህል ሄድን አለችኝ። ግማሽ ሰዓት አይሞላም አልኋት።

«በግማሽ ሰዓት ስምንት ኪሎ ያለቀበት ሰው ይህን ዳገት ይወጣዋል?»

አይወጣውም አልሁ። ያን ጊዜ የዓመት ሸክሜን አወረድሁ። በመጀመሪያው ቅዳሜ መቀነቷ ከክሩ ንቅንቅ አለማለቱን አይቼ ዝም እንዳልሁ ነገርኋት። ትመታኛለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን መቀነቷን አጥብቃ አሰረች። ባሌ ያውቅ ነበር አለች። ሳለቅስም፣ ስበላና ሳስመልስም ያውቅ ነበር። ድምፅዋ አልተለወጠም። ተነሥታ ዳገቱን ወጣች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ በሩና ስለ በቅሎው ማውራቷን ተወች።

ጥር ላይ ግን ተቅማጥ ይዞ ጣላት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከአጥሚት ሌላ ነገር አልቀመሰችም። ክሩ አምስት ምልክት ወደኋላ ተመለሰ። ቅበላ ሊደርስ ስድስት ቀን ሲቀረው ከሆስፒታል ሚዛን ላይ ብትወጣም ስድሳ እንደማትሞላ ሁለታችንም አወቅን። እንቅር ወይ አልኋት። አያ ክንዱን ጥሪልኝ አለችኝ።

የምትፈልገውን ለሽማግሎቹ አልነገረችም። ፍርዱ በናንተ ፊት እንደተሰጠ ሁሉ በሆስፒታሉም ስመዘን በዓይናችሁ እዩ አለቻቸው። ቅዳሜ ጠዋት ሦስቱም መጡ። እሷ ሃምሳ ስድስት ሆነች። አያ ክንዱ አንገታቸውን ደፉ። እሷ ግን እንደ ቀልድ አድርጋ፣ እዚህ ድረስ ከደከማችሁ አይቀር እናንተም ውጡ አለቻቸው።

መሪጌታ ጥምጥማቸውን ይዘው ወደኋላ አሉ። «እኔ ደግሞ እንደ ሽንብራ ልሰፈር?»

«አንቱ ከሽንብራው ይሻላሉ መሪጌታ፣ የሚነቅዝ ነገር የለዎትም» አሏቸው አያ ቢያዝን፤ ድሬሰሩ ሳይቀር ሳቀ።

አያ ክንዱ ከነጋቢያቸው ሰባ ሁለት፣ አያ ቢያዝን ስድሳ አራት፣ መሪጌታ ደርቀው አርባ ስምንት ሆኑ። ድሬሰሩ የአራቱንም በአንድ ወረቀት ጽፎ ማኅተም አደረገበት። በመንገድ ላይ አንድ ወዳጅ ጠላ ልቅዳ ብሎ ለመናቸው፤ እንኳየሁ እንቢ አለች። ጋቢያችሁንም አታውልቁ፣ ምንም ነገር አትቅመሱ አለች። ግራ እንደገባቸው ተከተሏት።

ሱቁ በቅበላ ቅዳሜ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ነበር። ባላገሩ ጾም ሳይገባ ሊሸጥ ጆንያውን ደርድሯል። አላምረው ሽማግሎቹን ሲያይ ተነሥቶ ወንበር አመጣ። ደስ ብሎታል፤ መክሳቷን ከሩቅ አይቷል። ወደ ሚዛኑ እጁን ዘርግቶ፣ ውጭ አላት።

«ከመውጣቴ በፊት አንድ ነገር» አለች። «የሆስፒታሉ ከዚህ ይለያል ይላሉ። ማንኛውን እንመን?»

አላምረው ወደ ሽማግሎቹ ዞረ። በዚህ ሚዛን የሦስት አውራጃ እህል አልፏል አለ። የሆስፒታሉን የሚነካካው ብዙ ነው፣ ይህን ግን ከእኔ በቀር የነካው የለም። «ይህ ሚዛን ቅንጣት ቢያጎድል ሚካኤል እኔን ያጉድለኝ።»

ባላገሩ ሁሉ መሐላውን ሰማ። እሷም ወጣች። አርባ ዘጠኝ። ልክ ያን ዕለት የተባረረችበት ቁጥር። አላምረው ትከሻውን ሰበቀ።

«ስድሳ አልሞላሁም» አለች እንኳየሁ። «በሆስፒታሉም አልሞላሁም። ቤቱን አልጠየቅሁም። አያ ክንዱ፣ አሁን አንቱ ይውጡ።»

አላምረው ብረቱን ያዘው። ይህ ምን ጨዋታ ነው አለ። አያ ክንዱ ግን እሱን ሳይሆን ወረቀቱን ያዩ ነበር፤ ወጡ። አላምረው ብረቱን ለቆ ወደኋላ ስላለ የገፋሁት እኔ ነኝ። ስድሳ ሦስት። አያ ቢያዝን ወጡ፤ ሃምሳ ስድስት። መሪጌታ ወጡ፤ አርባ ሁለት። እያንዳንዱን ጮክ ብዬ አነበብሁ። ከዚያ የሆስፒታሉን ወረቀት አነበብሁ።

ባላገሩ ወደ ሚዛኑ ተጠጋ። አያ ክንዱ ከሚዛኑ ሳይርቁ ሆዳቸውን ዳሰሱ። «ከሆስፒታል እስከዚህ ዘጠኝ ኪሎ ከሳሁ ማለት ነው?» አሉ። «ምነው ሱሪዬ አልወለቀ?»

የሳቀ አልነበረም። መሪጌታ ባሕረ ሐሳብ የሚያስተምሩ ሰው ናቸው፤ ጣታቸውን እያጠፉ እየዘረጉ ጥቂት ቆዩና፣ ከስምንት አንድ አሉ። ከአርባ ስምንት ስድስት፣ ከስድሳ አራት ስምንት፣ ከሰባ ሁለት ዘጠኝ። ከሁሉም ከስምንት አንዱን እኩል ይበላል። ቢላዋቸውን አውጥተው የሚንሸራተተውን ብረት ከታች ፋቁት። ጥቁር ሰም ተነሣና ከሥሩ እርሳስ አበራ። ብረቱን አስቦርቡሮ እርሳስ አፍስሶበት ኖሯል። ብረቱ በከበደ ቁጥር በአጭሩ ይቆማል፤ ዕቃው ይቀላል።

ከመካነ ብርሃን ሁለት ቀን የተጓዘች አንዲት ሴት ቀድማ ተንቀሳቀሰች። ስምንት ዓመት ለአንተ ሸጥሁ አለችው። ጆንያዋን አንሥታ በአህያዋ ላይ መልሳ ጫነች። ከሷ በኋላ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። ጠብ ያነሣ የለም፣ የሰደበው የለም። ዱላ ቢያነሡበት ይሻለው ነበር፤ ቢያንስ ተጨንቆ ይጮኽ ነበር። እነሱ አጠገቡ እያለፉ አንድ በአንድ ጭነው ወጡ። ሱቁ ባዶ ሲሆን እንኳየሁ በመካከል ቆማ ነበር። እንደዚያ ቀን ወፍራ አይቻት አላውቅም።

ሽማግሎቹ እዚያው ተቀምጠው ፍርዳቸውን አነሡ። በሐሰት ሚዛን የተፈረደ ፍርድ አይደለም አሉ። ያን ዕለት ስትባረር አርባ ዘጠኝ ሳትሆን ሃምሳ ስድስት ነበረች፤ አልሞት ያለችን ሴት እንደ ሬሳ አውጥተናታል አሉ። ቤቱ ተመለሰላት። አላምረው በሰንበቱ በሰፈሩ ሁሉ ፊት፣ ቀድማ ባሰበችው በር በኩል ወጣ፤ ወለላን ይዞ ወደ አይከል ሄደ። እሷም ዓመት ሳትሞላ ትታው ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች ተባለ።

የማዘጋጃ ቤት ሰው መጥቶ ሚዛኑን ሊወስድ ነበር። እንኳየሁ ለንግድ አልጠቀምበትም ብላ ለመነችው፤ ተወላት። ምን ታደርጊዋለሽ ብላት፣ «ውሸቱን ካወቁት ሸጋ ሚዛን ነው» አለችኝ። በሕይወቷ ሁሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ወጣችበት። እኔ አነባለሁ፣ እሷ የተበላውን ትጨምርበታለች። እርሳሱን አላስወጣችውም።

የበቀሉ ደስታ ሥጋ አልሆናትም። እንዲያውም በደስታው ሳምንት ምግብ ረስታ አራት ኪሎ ቀነሰች። ከዚያም በኋላ እንዲሁ ነበረች፤ አንድ ክረምት ስድሳ ሁለት፣ በጾም መጨረሻ ሃምሳ አራት፣ በመከር ጊዜ እንደገና ስድሳ። ወፈርሽ የሚላትን አታምንም፤ ከሳሽ የሚላትን አትሰማም። ስድስት ጊዜዋን ትበላለች፣ ክሯን ትሰፋለች።

በ1959 ዓ.ም. በሰሙነ ሕማማት፣ ሰው ከስቅለት በፊት የበደለውን ይቅርታ በሚጠይቅበት ቀን፣ አላምረው በራችን ላይ መጣ። በዱላ ተደግፏል፤ ፊቱ ቢጫ፣ ሱሪው በገመድ የታሰረ። ሆዱን እንደሚያመው፣ የበላው እንደማይረጋለት ተናገረ። ሆስፒታል እስኪታይ ድረስ ጥቂት ቀን በሱቁ ክፍል ልረፍ አለ። ከሷ ፊት ተንበርክኮ ስለ እግዚአብሔር ብለሽ ይቅር በይኝ አላት። ይቅር ይበለን አለችው፤ እንደ ወጉ። ከዚያ ተነሥ አለችው።

ወደ ሚዛኑ ወሰደችው። ሲያየው ቆመ።

«እርሳሱ ወጣ?» አላት።

«መሪጌታ ያን ዕለት አወጡት» አለችው።

እኔ እዚያው ነበርሁ። ወጣ። ብረቱን እሷ ገፋችው፤ ቀስ አድርጋ፣ እሱ ይገፋ እንደነበረው። ክንዱ ቀጥ አለ።

«ሽታዬ፣ አንብቢው።»

አርባ ዘጠኝ ነበር። ሃምሳ ስድስት እንደሆነ አውቃለሁ። ሃምሳ ስድስት የሆነ ሰው ሆስፒታል ሄዶ ይታከማል፣ አጥሚት ጠጥቶ ይድናል፤ በዚህ ቤት አንዲት ሴት ድናለች። አላምረው ወደ እኔ ያይ ነበር። በልጅነቴ ፊቱን እያየሁ ቃል ስጠብቅ የኖርሁትን ያህል እሱም ከእኔ ቃል ጠበቀ።

«አርባ ዘጠኝ» አልሁ።

ከሚዛኑ ላይ ሲወርድ ዱላውን ረሳው። እንኳየሁ ክንዱን ይዛ አቆመችው፤ ዱላውንም አቀበለችው።

«ወገኖችህ ቤት ሂደህ ብታርፍ ይሻላል» አለችው።

ሆስፒታል አልሄደም። ሰዎች በመንገዱ ወደ አይከል ሲመለስ አይተውታል። ክረምቱ ሳይገባ ሞተ። ሕመሙ ይሁን ቁጥሩ የገደለው አላውቅም፤ ሐኪም አላየውም። ያን ዕለት እሱ ከወጣ በኋላ አክስቴ ስኒዋን ጠየቀችኝ። አጥሚቱን እስከ ሥሩ ጠጣችና ድገሚኝ አለችኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ድገሚኝ ብላኝ አታውቅም ነበር።

በዚያ ሚዛን ላይ የሐሰት ቁጥር እያነበብሁ ሁለት ሰው አስፈራርቻለሁ። ለመጀመሪያው ሳላውቅ ነው። ለሁለተኛው ግን አውቄ ነው፤ ዛሬም ቢመጣ ያንኑ አነብለታለሁ።